ዳይመንድ ፑንታው ጠቆረ፤ ተጭበርብሬ ይሆን?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። አጠር አድርጌ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ የሻወር ቤቴን ግድግዳ ፖርስሊን አስለብሼ ጨረስኩ። መስታወትና የፎጣ መስቀያ ልገጥም 6 ሚሊ ዳይመንድ ፑንታ ገዛሁ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ጥሩ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ላይ መሃል ስደርስ ጨሰ፣ ጫፉ ጠቆረ፣ ከዚያ ወዲያ አልበላ አለ። ጫን ሳደርገው ሴራሚኩ ተሰነጠቀ። ሻጩ አጭበርብሮኝ ይሆን? ገና ሁለት ሥራም ይቀረኛል። የእጅ መታጠቢያው እብነ በረድ ላይ ለሩቢኔት 35 ሚሊ ቀዳዳ ማውጣት አለብኝ። ውጪ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ላይ መብራት መስቀል አለብኝ። ሁሉም በዳይመንድ ፑንታ ይሠራል?»

ወንድምዓለም፣ ከሻጩ ጋር ከመጣላትህ በፊት እኔን ስማኝ። ከጻፍከው ተነስቼ ስፈርድ ፑንታው የውሸት አይመስለኝም። ፖርስሊን ላይ አንድ ንጹሕ ቀዳዳ ያወጣ ፑንታ አልማዝ ነበረው ማለት ነው። የገደለው ሙቀት ነው። ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት፤ ውሃ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ዳይመንድ ፑንታ አይቆርጥም። የእንጨትና የብረት ፑንታ ስለት አለው፤ እየላጠ ያወጣል። ይኼኛው ስለት የለውም። አፉ ዙሪያ የአልማዝ ብናኝ ተለጥፎበታል፣ ሥራውም መፍጨት ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ጥቂት ጥቂት እየጫረች ታልፋለች። የሚፈጭ ነገር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ዱቄቱ መውጫ ይፈልጋል፣ ሙቀቱ መሄጃ ይፈልጋል። ጫን ስታደርገው ዱቄቱ አፉ ላይ ይታጨቃል። የታጨቀበት ፑንታ መፍጨቱን ትቶ ይፋተጋል። መፋተግ ደግሞ እሳት ነው።

«አልማዝ በዚህ ዋጋ?» ብለህ ተጠራጥረህ ከሆነ አልፈርድብህም። ግን ይኼ ለቀለበት የሚሆነው አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ከካርቦን የሚሠራ ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በፈረንጆቹ 1954 ዓ.ም. ከሠራው ወዲህ የኢንዱስትሪ ዕቃ ሆኗል። ዛሬ አብዛኛው የሚመረተው ቻይና ነው። ጥንካሬው ግን ያው የአልማዝ ጥንካሬ ነው። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ 10 ነው። ፖርስሊን 7 ገደማ ላይ ነው፤ እብነ በረድ 3 ገደማ።

ጠንካራ ነው ማለት ግን እሳት ይችላል ማለት አይደለም። አልማዝ ካርቦን ስለሆነ አየር ባለበት ከ700 ዲግሪ በላይ ሲግል ራሱ መቃጠል ይጀምራል። ርካሾቹ ፑንታዎች ላይ እዚያ ከመድረሱ በፊትም ጣጣ አለ። አልማዙ የተያዘው በስስ የኒኬል ሽፋን ነው። ብናኙ አንድ ንብርብር ብቻ ነው። ኒኬሉ በሙቀት ሲለቅ ቅንጣቶቹ ይረግፋሉ፤ ከሥሩ ሌላ የሚተካ የለም። ባዶ የብረት ቱቦ በእጅህ ይቀራል ማለት ነው። የጠቆረው ወይም ሰማያዊ የሆነው ብረቱ ሲሆን፣ ምን ያህል እንደጋለ የሚነግርህ እሱ ነው።

ከዚህ የተሻሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው አልማዙ በከፍተኛ ሙቀት፣ አየር በሌለበት ምድጃ፣ በሌላ ብረት የተበየደ ነው። ሙቀት ይችላል፤ በግራይንደር በደረቁ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። አንዳንዶቹ ውስጣቸው ማቀዝቀዣ ሰም አለው። ሁለተኛው አልማዙ ከብረት ዱቄት ጋር ተደባልቆ የተጋገረ ነው። ብረቱ እያለቀ ሲሄድ ከውስጥ አዲስ አልማዝ ብቅ ይላል። ዕድሜው ረጅም ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። አንተ የገዛኸው ባለ ኒኬሉን ይመስለኛል። ለቤት ሥራ እሱም አይናቅም፤ ውሃ ካጠጣኸው።

አሁን ያንን ፑንታ ከጣልክበት አንሳው። አፉን በጥርስ ብሩሽ እጠበው። የስልክህን ካሜራ አቅርበህ አጉልተህ እየው። አፉ ዙሪያ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች ከታዩህ አልማዙ አለ፤ የደፈነው ዱቄት ብቻ ነው። ልሙጥ ብረት ብቻ ካየህ አልቋል፣ ጣለው። አልማዙ ካለ ማስነሳት ይቻላል። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እንደሚወቀር ሁሉ ፑንታም ይወቀራል፤ የሚወቀረው ግን ሻካራና በቀላሉ የሚፈረፈር ነገር ላይ በመሥራት ነው። የብሎኬት ስባሪ አርጥበህ በዝግታ ሁለት ሦስት ጊዜ ብሳበት። የቢላ መሳያ ድንጋይም ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርድ ሸለቆው ውስጥ የምታየው ዓይነት።

ብዙ ሰው የሚገርመው እዚህ ጋ ነው። ዳይመንድ ፑንታን የሚያደነዝዘው ሻካራው ሳይሆን ጠንካራውና ልሙጡ ነው። ፖርስሊንና ግራናይት አልማዙን እያለሰለሱ ይሄዳሉ፣ በዙሪያው ያለውን ብረት ግን አይነኩም። አሸዋማው ድንጋይ ብረቱን በልቶ አልማዙን ያጋልጠዋል። ስለዚህ አልበላ ሲልህ መልሱ መጫን አይደለም። አውጥተህ ወቅረው።

ወደ ግድግዳህ እንመለስ።

መጀመሪያ በእርግጥ ፖርስሊን መሆኑን እይ። የተረፈ ቁራጭ አታጣም። ገልብጠው ጀርባው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርግ። ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ወዲያው ይመጠዋል፤ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ ይጠጣል። ፖርስሊን ከ0.5 በመቶ በላይ አይጠጣም፤ ጠብታው እንደተንቀባረረ ይቆያል። ለምን ግድ ይለናል ካልክ፣ ተራው ሴራሚክ ከሆነ ይኼን ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ፊቱ ላይ ያለውን መስታወት መሳይ ሽፋን ካለፍክ ውስጡ ለስላሳ ነው። የጦር ጫፍ ቅርጽ ያለው የካርባይድ ፑንታ፣ ድሪሉ ላይ ያለው የመዶሻ ምልክት (እየመታ የሚያስበሳው) ጠፍቶ፣ በቂ ነው። ፖርስሊን ላይ ግን ካርባይድ አልመክርህም። ቶሎ ይደነዝዛል፤ ሲደነዝዝ ትጫነዋለህ፤ ስትጫነው ይሰነጠቃል።

ስለ መሰንጠቅ ካነሳን፣ ሁሉንም በፑንታው አታላክክ። የምትበሳበትን ቦታ በካቻቪቴ እጀታ ኳ ኳ አድርገው። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ከኋላው ማጣበቂያ አለው። የባዶ ቆርቆሮ ድምፅ ከሰጠ ከኋላው አየር ነው። ሲያለብሱ አራት ጥግና መሃሉ ላይ ጉብ ጉብ አድርገው የሚለጥፉ ሠራተኞች አሉ፤ ሥራ ይፈጥናል፣ ሴራሚኩ ግን በየቦታው ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጎበዝ እጅም ሊሰነጥቅ ይችላል። ከቻልክ ቀዳዳውን ወደ ድፍኑ ቦታ አዛውረው። ካልቻልክ እጅህን ከወትሮው አቅልል። ከሩቢኔትና ከሻወር ማውጫ ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከማብሪያ ማጥፊያም በላይና በታች አትብሳ። ከጀርባው ቱቦ ወይም ገመድ ሊኖር ይችላል።

አጀማመር ዋናው ነው። ክፍት አፍ ያለው ፑንታ መሃሉ ላይ መቆሚያ ጫፍ የለውም። ቀጥ አድርገህ ብታስነሳው ልሙጡ ፊት ላይ ይሸሽና ሴራሚኩን ይቦጭረዋል። ስኮች መለጠፍ ምልክቱን ለማየት ይረዳል እንጂ ፑንታውን አያቆመውም። አንደኛው ዘዴ እንዲህ ነው። ፑንታውን 45 ዲግሪ ያህል አጋድለህ አስነሳው። አንድ ጠርዙ ብቻ ይነክሳል፤ የአዲስ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጭረት ያወጣል። ጭረቱ ጥፍርህ የሚይዘው ያህል ሲጎደጉድ፣ ሳታቆም ቀስ እያልክ ቀና አድርገው። ሙሉ ክብ ሲሆን ከዚያ ወዲያ የትም አይሄድም። ሁለተኛው ዘዴ ለጀማሪ ይሻላል። በዚያው ልክ የተበሳ ቁራጭ ጣውላ ግድግዳው ላይ አጥብቀህ ያዝና በቀዳዳው ውስጥ አስነሳ። ቦታ ሲይዝ ጣውላውን አንሳው። ለትልልቆቹ ፑንታዎች እኔ ሁልጊዜ ጣውላውን ነው የምመርጠው።

ውሃ። ባዶ ሃይላንድ ውሰድና ክዳኑን በመርፌ ብሳው። አንድ ሰው ከቀዳዳው በላይ ይዞ ቀስ እያለ ይጭመቅልህ። ብቻህን ከሆንክ የራሰ ስፖንጅ በግራ እጅህ ከፑንታው ሥር ያዝ፣ በየጥቂት ሰከንዱም ፑንታውን አውጥተህ ስፖንጁ ላይ ነከር አድርገው። ቧንቧው የማይመጣበት ቀን ከሆነ አትጨነቅ። አንድ ሃይላንድ ለብዙ ቀዳዳ ይበቃል፣ ንጹሕ መሆንም የለበትም። ዓይንህን የሚወርደው ፈሳሽ ላይ አድርግ። ወተት መስሎ ከወረደ ሥራው ጥሩ ነው። ወፍሮ ሊጥ ሊጥ ካለ ውሃ አንሷል። ምንም ካልወረደ አቁም፤ ፑንታው አይበላም ማለት ነው። ጭስ ካየህ ደግሞ ዘግይተሃል።

ውሃ ባለበት በ220 ቮልት ገመድ ድሪል መሥራት አልወድም። ባትሪ ድሪል ይሻላል። በእኛ በኩል መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚጠፋም ሌላ ጥቅም አለው፤ ፑንታው ቀዳዳው መሃል ላይ እያለ አይቆምብህም። ገመድ ድሪል ብቻ ካለህ ውሃው በስፖንጁ ይሁን፣ ወደ ሞተሩ እንዳይረጭ።

ፍጥነቱን በሚመለከት፣ ሰው ፈጥኖ ካሽከረከረ ቶሎ የሚጨርስ ይመስለዋል። ለ6 ሚሊ በደቂቃ እስከ 1,500 ዙር አካባቢ በቂ ነው። ለ35 ሚሊ 500 አካባቢ። ፑንታው በሰፋ ቁጥር ዙሩ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ጠርዙ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል። ብዙዎቹ ባትሪ ድሪሎች ላይ 1 የሚለው ማርሽ ለትልቁ፣ 2 የሚለው ለትንሹ ይሆናል። የመዶሻው ምልክት ግን በጭራሽ። ዳይመንድ ፑንታ ላይ መዶሻ ማብራት አልማዙንም ሴራሚኩንም ማራገፍ ነው። ጉልበትህም የድሪሉ ክብደትና ጥቂት ብቻ ይሁን። ሊያልፍ ሲቃረብ ድምፁ ይለወጣል፤ ያኔ ጨርሶ አቅልል። ከኋላ የሚላጠው በመጨረሻው ሚሊሜትር ላይ ነው።

ሴራሚኩን ካለፍክ ዳይመንዱን አውጣ። ከጀርባ ያለው ልስንና ብሎኬት የተራው የግንብ ፑንታ ሥራ ነው። መዶሻውም አሁን ይበራል። የሴራሚኩን ቀዳዳ ከግንቡ ቀዳዳ 1 ወይም 2 ሚሊ ሰፋ ብታደርገው የሚመታው ፑንታ ጠርዙን አይነካብህም። ፊሸሩን (ቡለን የሚይዘውን የፕላስቲክ መሰኪያ) ስትከት ደግሞ አፉ ከሴራሚኩ ጋር እኩል ሆኖ አይቅር። በመዶሻና በሚስማር ገፋ አድርገህ ከሴራሚኩ አሳልፈህ ልስኑ ውስጥ አስገባው። ፊሸር ቡለን ሲገባበት ይሰፋል፤ የሚሰፋው ሴራሚኩ ውስጥ ከሆነ ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳው በሰላም ወጥቶ ቡለኑ ሲጠብቅ የሚሰነጠቀው ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኼ ነው።

ወደ እብነ በረዱ እንሂድ። ይኼ ከፖርስሊን ይቀላል፣ ጸባዩ ግን ሌላ ነው። ለስላሳ ስለሆነ 35 ሚሊ ፑንታ ቶሎ ይወርድበታል። ችግሩ መሰበሩ ነው። ከመጀመርህ በፊት ሥሩን በደንብ አስደግፈው፤ ቀዳዳው ከሚያልፍበት ቦታ በታች ጣውላ አጣብቀህ እሰር። ከጠርዙና ከገንዳው አፍ አራት ጣት ያህል ራቅ። ድንጋዩ ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ መስመር በቀዳዳው ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ቦታ ቀይር፤ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በእሱ ነው። ውሃውን ለማቆም በቀዳዳው ዙሪያ ግድብ ያስፈልግሃል። ሰው ጭቃ ይሠራለታል፤ አንተ ግን የእኛን ቀይ አፈር እብነ በረድ ላይ እንዳታደርግ። ድንጋዩ ይጠጣዋል፣ ቀለሙም ይቀራል። ንጹሕ ጨርቅ አርጥበህ ጠምዝዘህ በክብ አስቀምጥ። ከላይ እስከ መሃሉ ሄደህ፣ ከተቻለ ገልብጠህ ከሥር ብትጨርሰው ሁለቱም ጠርዝ ንጹሕ ይሆናል። ተገጥሞ ካለቀ ግን ከላይ ብቻ፣ መጨረሻው ላይ በጣም ቀስ ብለህ። ስትጨርስ በሎሚ ወይም በአሲድ አትጠበው። አሲድ እብነ በረድን ይበላል፤ መስታወት የነበረው ፊቱ ይደበዝዛል።

ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጥያቄ ልጠይቅህ። ከድንጋይ የተገነባ ግንብ ነው ወይስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ድንጋይ? መልሱ ሥራውን ይለውጠዋል።

ግንብ ከሆነ ዳይመንዱን እርሳው። ከጮቄ ጀምሮ አብዛኛው የጎጃም ደጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ማርቆስ ላይ የምትጠርበው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ድፍንና ጠንካራ። ለመብራት ፊሸር 5 ወይም 6 ሴንቲ ጥልቀት ያስፈልግሃል። በዚያ ጥልቀት ቱቦ መሳዩ ቀጭን ዳይመንድ ፑንታ ውስጡ በድንጋይ ይሞላል፣ ውሃም አይደርሰውም። እዚህ የሚሠራው ሂልቲ የምንለው ከባዱ ድሪል ነው፣ ከካርባይድ ፑንታ ጋር፣ እየመታ። የጎረቤት ኮንትራክተር ጋ አይጠፋም፣ ለአንድ ሰዓት ተዋሰው። ድንጋዩ መሃል ብሳ እንጂ መጋጠሚያው ላይ አትብሳ፤ አሮጌ ማያያዣ ከሆነ ፊሸሩን አይዝልህም። ባሕር ዳር ያሉ አንባቢዎች ጥቁር ድንጋይ ሲሉ ብዙ ጊዜ ያንን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ነው የሚሉት። እሱ ለመብሳት ይቀላል፣ ግን ፑንታው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ዘለል ይላል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። እዚያ ረጅም ፊሸር ይሻላል።

የተለጠፈ ስስ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሂልቲ ከገባበት ከግድግዳው ይላቀቃል። እንደ ፖርስሊኑ በዳይመንድ፣ በውሃ፣ በዝግታ ድንጋዩን እለፍ። ከዚያ ወደ ግንብ ፑንታ ቀይር። እዚህ ፑንታውን ከፖርስሊኑ ይልቅ ደጋግሞ መውቀር ያስፈልግ ይሆናል፤ የብሎኬት ስባሪዋን አጠገብህ አስቀምጣት።

ግራይንደር ላይ የሚገጠመውን ባለ ጥርስ ፑንታ ጓደኞችህ ያሳዩህ ይሆናል። ፈጣን ነው፣ እኔም እሠራበታለሁ። ነገር ግን ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይዞራል። ከተንሸራተተ የሚጎዳው ሴራሚኩ ብቻ አይደለም። በደረቁ ስለሚሠራም ዱቄቱ ቤቱን ይሞላዋል። የፖርስሊንና የግራናይት ዱቄት ሲሊካ አለው፤ ለዓመታት የተነፈሰው ሰው ሳንባ ላይ ጠባሳ ይሠራል፣ የማይድን ነው። የጨርቅ ማስክ አያቆመውም። በውሃ ስትሠራ ይኼ ችግር በጣም ይቀንሳል።

የመጨረሻው፣ ምን ግዛ? ለመስታወቱና ለመስቀያው ተመሳሳይ ባለ ኒኬል 6 ወይም 8 ሚሊ ሁለት ግዛ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀጥላል። ቀዳዳ ባለቀ ቁጥር ፑንታው ውስጥ የምትቀረውን ክብ ቁራጭ አውጣት። ፑንታው በጎኑ ስንጥቅ ካለው በቀጭን ሚስማር፣ ከሌለው ከኋላ ገፍተህ። እሷ ውስጥ እያለች ብትቀጥል ውሃው አይገባም። የ35 ሚሊውን ግን ለአንድ ቀዳዳ ብለህ አትግዛ። ከተማው ውስጥ የኩሽና ጠረጴዛ የሚሠሩ እብነ በረድ ቤቶች ሁሉ አላቸው። ድንጋዩ ገና ካልተገጠመ ይዘህላቸው ሂድ፣ ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርገህ።